ሚያዝያ 5, 1994 ማታ የሰማችሁትን ታስታውሳላችሁ? ስለ ባድመ፣ ስለ አዛዦቹና ስለ ዲፕሎማቶቹ

የጉለሌው

ቅዳሜ ነበር። ከሥራ ስገባ እናቴን ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ አገኘኋት። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቶ ስዩም መስፍን ናቸው የሚናገሩት። ሄግ ላይ የተሰየመው የድንበር ኮሚሽን ፈርዶልናል፣ ባድመም የኛ ሆናለች አሉ። እናቴ እልል አለች፤ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ተቀበለቻት። ያቺ ጎረቤታችን በግንቦት 1992 ልጇን የቀበረች ሴት ናት። ቀበረች አልኩ እንጂ ሬሳም አላየች። ያን ዕለት ማታ ነጠላዋን ገልብጣ መጣችና «በከንቱ አልቀረም ማለት ነው» አለችን።

በመጋቢት 1995 ኮሚሽኑ ራሱ በማያሻማ ቃል ባድመ ከኤርትራ በኩል እንደምትወድቅ አስታወቀ። መስከረም 1996 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ለኮፊ አናን በጻፉት ደብዳቤ ውሳኔው ሕገወጥና ፍትሕ የጎደለው ነው አሉ። እንግዲህ ፈረደልን ተብሎ እልል የተባለበት ያው ውሳኔ ነው።

ከጎረቤታችን በር መጥቶ «ያን ቀን የነገርንሽ ልክ አልነበረም» ያላት አንድም ሰው የለም። ሚኒስትሩ እስከ 2003 በዚያው ወንበር ቆዩ፤ ከዚያም በቻይና አምባሳደር ሆኑ። ሰውየው በጥር 2013 በትግራይ ተገድለዋል፤ ሙት ልወቅስ አይደለም የመጣሁት። የተጨነቅኩበት፣ ያን ጦርነት የመሩትና ከጦርነቱ በኋላ የተደራደሩት ሰዎች የሠሩትን ለሕዝብ የሚያስረዱበት አንድ ቀን እንኳ አለመኖሩ ነው። እናንተ ምን ትላላችሁ? ጥፋቱ የማን ነበር? ማንስ መጠየቅ ነበረበት?

አንበርብር

የጉለሌው፣ ነገሩን ከጭራው ነው የያዝከው። ሄግ ላይ የሆነው ሁሉ ግንቦት 1992 ላይ አልቆ ነበር። ግንቦት 4 ማጥቃት ተጀመረ፤ ግንቦት 10 ባረንቱ ተያዘች፤ ግንቦት 17 ዛላምበሳ ተመለሰች፤ ሠራዊቱ ሰንዓፌ ገባ። ያ ሁሉ ምሽግ በሁለት ሳምንት ሲሰበር ዓለም ጉድ አለ። ከዚያ ግንቦት 23 ላይ ጦርነቱ አብቅቷል ተባለ። ሰኔ 11 አልጀርስ ላይ የተኩስ ማቆሙ ተፈረመ። አሰብ እጃችን ላይ አልገባችም፣ አስመራም አልተነካችም።

አሸናፊ ጦር ይዞ እንደ ተሸናፊ የተደራደረ አገር አይቼ አላውቅም። እኔ የምጠይቀው አዛዦቹን ነው። ጄኔራል ጻድቃን ኤታማዦር ሹም ነበሩ፤ ጄኔራል አበበ ተክለሃይማኖት አየር ኃይሉን ይመሩ ነበር። የማቆሙ ትእዛዝ ስህተት ነው ብለው ካመኑ ያኔ ለምን አልተናገሩም? በ1993 ሕወሓት ተሰንጥቆ ሁለቱም ከሥልጣን ከተነሱ በኋላ ስለ አሰብና ስለ ባሕር በር የሰማነውን ያህል ዩኒፎርም ለብሰው ሳሉ ብንሰማ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ማዕረጉ ከትከሻ ሲወርድ የሚመጣ ድፍረት ለአገር አይጠቅምም።

ሬዲዮኛ

እኔ ያኔ እዚያው ነበርኩ። የሻለቃ መገናኛ ነበርኩ፣ ሬዲዮ ተሸካሚ። ከሽራሮ በኩል መረብን ተሻግረን የወጣነው ሌሊት ነው። መንገድ የለም፤ ጥይቱንም ውሃውንም የጫኑልን አህዮች ናቸው። አህያዋ አቀበት ላይ ስትወድቅ ጄሪካኑ ተቀዶ ውሃው ሲፈስ የሰው ደም የፈሰሰ ያህል ነበር የምንጮኸው፣ ድምፃችንን አፍነን። ለሬዲዮው ትርፍ ሁለት ባትሪ ነበረኝ፤ አንዱን ባረንቱ ሳንደርስ ጨርሼዋለሁ።

ስለዚህ አስመራ እኮ ቅርብ ነበረች የሚለኝ ሰው ካርታ ላይ ለክቶ ነው። ባለንበት እንድንጸና ሲታዘዝ ያዘነ ወታደር ነበር፣ አልዋሽም። እፎይ ያለም ነበር። የኛ ሻለቃ ግማሽ የለም። አንድ ከተማ ወስደህ ለመያዝ የሚያስፈልግህ ሰውና ስንቅ፣ ሰብረህ ለመግባት ከሚያስፈልግህ ሌላ ነው። አሰብን በሚመለከት በቡሬ ግንባር የነበሩት ይናገሩ፤ እነሱም በዚያ በረሃ ሰኔ መግቢያ ላይ ቀላል ውጊያ አልገጠማቸውም።

አንበርብር ወንድሜ፣ አዛዥ ለምን ዝም አለ ስትል ግን ቆም በል። ወታደር ትእዛዙን አልቀበልም ብሎ በሬዲዮ ቢናገር ያ መፈንቅለ መንግሥት ነው። በዝግ ቤት የተናገሩትን ደግሞ አንተም እኔም አልሰማንም። እኔ አዛዦችን የምጠይቅበት ሌላ ነገር ነው። ፆሮና። መጋቢት 1991 ላይ፣ በየካቲት ባድመ ላይ የሠራው ስልት እዚያም ይሠራል ተብሎ ሜዳ ለሜዳ ታንክ ተነዳ፣ እግረኛ ተነዳ። ያን ማን አቀደው፣ ማን አጸደቀው፣ ከዚያስ ምን ተማርን? በ1992 የተሻለ እንደተሠራ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከፆሮና የተማረ ሰው አለ ማለት ነው። ትምህርቱ የተከፈለበትን ዋጋ ግን ለሕዝብ የነገረ የለም።

ጠበቃው

ሕጉን ትንሽ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው ሳያነበው ነው የሚከራከረው።

የታኅሣሥ 3, 1993 የአልጀርስ ስምምነት አንቀጽ 4 ለኮሚሽኑ የሰጠው ሥልጣን በጣም ጠባብ ነው። በ1900፣ በ1902 እና በ1908 በአውሮፓ አቆጣጠር ከጣሊያን ጋር የተፈረሙትን የቅኝ ግዛት ውሎችና አግባብ ያለውን ዓለም አቀፍ ሕግ ብቻ ይዞ ይወስን አለው፤ በርትዕ፣ ማለትም ከሕጉ ወጥቶ ፍትሐዊ የመሰለውን አይቶ፣ መወሰን አይችልም ብሎ በግልጽ ከለከለው። ማን እዚያ ኖረ፣ የማን መቃብር አለ፣ ድንበሩ መንደር ይከፍላል ወይ የሚለው ከበሩ ላይ ቀረ። በዚያው አንቀጽ 4.15 ላይ ውሳኔው የመጨረሻና አሳሪ ነው ተባለ። ይግባኝ የለም።

እኔ አንድ ዲፕሎማት ልጠይቅ ብባል የምጠይቀው ይሄን ነው። በ1992 የያዝነው ያ ሁሉ መሬት በእጃችን እያለ፣ ርትዕን የሚከለክል፣ ይግባኝ የሌለው ውል ላይ ለምን ፈረምን? ዛሬ ላይ ሆነን ፍርዱ ሰውን ለየ፣ መንደር ቆረጠ ብንል ውሉ ራሱ ነው እንዲያ እንዲሆን የፈቀደው።

ሁለተኛው ማስረጃው ነው። በ1902 ውል መሠረት ኮሚሽኑ የምዕራቡን ድንበር የሰቲትና የቶምሳ ወንዞች ከሚገናኙበት እስከ መረብና ማይ አምበሳ መገናኛ በቀጥታ መስመር አሰመረው፤ ባድመ ከዚያ መስመር በስተምዕራብ ወደቀች። የኢትዮጵያ ወገን ባድመን ሲያስተዳድር እንደነበር ለማሳየት ያቀረበው የትምህርት ቤት፣ የግብርና የመሳሰለው ሰነድ ነበር። ኮሚሽኑ ማስረጃው ቦታውን ለይቶ አያሳይም፣ በይዘትም በዘመንም ስፋት የለውም፣ በአውሮፓውያኑ 1935 ረግቶ የነበረውን የኤርትራን መብት ሊያነሳ አይችልም ብሎ ጣለው። በዚያ ላይ ፆሮናንና ፎርት ካዶርናን የመሳሰሉ ቦታዎች የኤርትራ መሆናቸው ብዙም እንደማያከራክር የኛው ወገን በራሱ ጽሑፍ አምኖ ነበር፤ ኮሚሽኑም ያንን መዝዞ ተጠቀመበት። ፆሮና! ሬዲዮኛ የሚለው ሜዳ። ያ ሁሉ ሰው የረገፈበትን ቦታ በአንድ አረፍተ ነገር የለቀቀው እኛ የቀጠርነው ብዕር ነው።

አምስቱ ዳኞች በሙሉ ድምፅ ነው የወሰኑት። ሁለቱን የመረጥናቸው እኛ ነን። ስለዚህ «አድልተውብን ነው» የሚለው አያስኬድም።

የጉለሌው

ጠበቃው እናመሰግናለን። አንድ ጥያቄ አለኝ። ታዲያ ያን ማታ ለምን ፈረደልን ተባለ? አላነበቡትም ነበር ወይስ አውቀው ነው?

ጠበቃው

ፍትሐዊ ልሁን። ውሳኔው በወጣበት ቀን ሁለቱም መንግሥታት ነበሩ ድል አደረግን ያሉት። በውሳኔው ካርታ ላይ ባድመ የሚል ነጥብ የለም። ጽሑፉም ረጅም ነው። ዛላምበሳና አሊቴና ለኛ ተወስነዋል፣ ያ እውነት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተቸኩሎ ሊሳሳቱ ይችላሉ።

ግን የመስመሩ መነሻና መድረሻ በቁጥር ተጽፏል። አንድ ቀያሽና አንድ ጥሩ ካርታ በአንድ ከሰዓት ባድመ የት እንደምትወድቅ ይነግሩሃል። መንግሥትም በግንቦት ወር ለኮሚሽኑ የማብራሪያ ጥያቄ አስገባ፤ ሰኔ 17 ውድቅ ሆነበት። ያሸነፈ ሰው ማብራሪያ አይጠይቅም። እንግዲህ ቢያንስ በግንቦት 1994 ያውቁ ነበር ብዬ ነው የማምነው። ከዚያ ወዲህ የነበረው ዝምታ ስህተት ነው ለማለት ይከብደኛል። አውቆ መደበቅ ነው።

እታለም

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። የዛሬው ግን አላስቻለኝም።

ታላቅ ወንድሜ ፆሮና ላይ ነው የቀረው። ከደሴ ነው የዘመተው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አልፎት ሥራ አጥቶ ተቀምጦ ሳለ። የመጨረሻ ደብዳቤው ላይ ለኔ ደብተር መግዣ ብሎ ሃያ ብር አጥፎ አስገብቶበት ነበር። ሃያ ብሩን እናቴ አላወጣችውም፤ ዳዊቷ ውስጥ አለ፣ እስካሁን።

እናንተ አሰብ፣ ባረንቱ፣ አንቀጽ 4 ትላላችሁ። እሺ፣ ልክ ናችሁ፣ መነጋገር አለበት። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ስንት ሰው ሞተ? በሰኔ 1993 የኤርትራው ፕሬዚዳንት 19,000 ወታደር ሞቶብናል ብለው ለሕዝባቸው ተናገሩ። ቁጥሩን እመኑት አትመኑት፣ ቆመው ተናገሩት። እዚያ ያለች እናት ያ ቁጥር ውስጥ ልጄ አንዱ ነው ብላ ታለቅሳለች። የኔ እናት የምታለቅስበት ቁጥር የላትም። ቀበሌ ጠርተው በቃል ነገሯት፤ ወረቀት ጨምረው ሰጧት፤ ቀኑ ትክክል አልነበረም።

ጄኔራሎቹ ሲጣሉ ጋዜጣ ላይ አንብበናል፤ ማን ማንን እንደከዳ፣ ማን አድርባይ እንደሆነ። በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ውስጥ አንዱም «እኔ የመራሁት ጦር ይህን ያህል ሰው አጥቷል» ሲል አልሰማሁም።

አንበርብር

እህቴ እታለም፣ ነፍስ ይማር። እናትሽን እግዚአብሔር ያጽናቸው። አሰብ አሰብ ስል የሟቹን ዋጋ ለማሳነስ እንዳልሆነ እወቂልኝ፤ እንደውም ያ ሁሉ ሰው ለምን ሞተ ብዬ ነው የሚቆጨኝ።

የካዛንቺሱ

ከስቶክሆልም ነው የምጽፈው። እዚህ ቤት አማርኛ የምጽፈው ለምን እንደሆነ የሚገርመው ሰው ይኖራል። ካዛንቺስ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አባቴ ኤርትራ ውስጥ ካለው ከአካለ ጉዛይ ነው። በ1990 ክረምት ሌሊት መጥተው ወሰዱን፤ በአውቶቡስ በቡሬ በኩል ድንበር ላይ አደረሱን። እናቴ የቤቱን ቁልፍ ለእትዬ ዘነበች ሰጥታ «ዘይቱን ከፀሐይ አንሺልኝ» አለቻት። እንመለሳለን ብላ ነው።

እዚህ የምትሉትን ሁሉ አንብቤ አንድ ነገር ልጨምር። የሰኔ 11ዱን የተኩስ ማቆም የፈረሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። በናንተ በኩል ስዩም መስፍን፣ በኛ በኩል ኃይለ ወልደተንሣኤ፣ ድሩዕ የምንለው። ድሩዕ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ «እንዴት እዚህ ደረስን፣ እንነጋገር» ብለው በይፋ ደብዳቤ ከጻፉት አስራ አምስት ባለሥልጣናት አንዱ ነበር። የመከላከያ ኤታማዦር ሹም የነበረው ጄኔራል ዑቕበ አብርሃም ደብዳቤውን አብሯቸው ፈርሟል። መስከረም 8, 1994 ጠዋት ከየቤታቸው ተለቀሙ። አስራ አንዱ ታሰሩ። ክስ አልተመሠረተባቸውም፣ ፍርድ ቤት አልቆሙም፣ ቤተሰብ አላያቸውም።

ይኸው ነው የኛ ነገር። እናንተ ጋ የጠየቀ ከሥራው ተባረረ፣ ታሰረ። እኛ ጋ የጠየቀ ጠፋ። የፈረሙት ሁለቱም ሰዎች የፈረሙትን ነገር ለሕዝብ ሳያስረዱ ቀሩ፤ አንዱ እስር ቤት፣ ሌላው ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ ጦርነት።

አንድ ነገር ደግሞ በኛ በኩል ይነገር። በአልጀርስ ስምምነት የተቋቋመው ሌላው ኮሚሽን፣ የካሳ ኮሚሽኑ፣ በታኅሣሥ 1998 በሰጠው ውሳኔ ግንቦት 4, 1990 ላይ የኤርትራ ጦር ባድመን ማጥቃቱ ሕግ የጣሰ ነበር ብሏል። ያን ጥቃት ያዘዘውና የመራው ማን እንደሆነ አስመራ ላይ የጠየቀ የለም። ነሐሴ 11, 2001 ላይ የመጨረሻው ሂሳብ ወጣ፤ ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ ወደ 163 ሚሊዮን። ሁለት ዓመት የተዋጋንበትን፣ የተባረርንበትን፣ የተቃጠለውን ሁሉ አቻችለው ሲያስቀምጡት ልዩነቱ አስር ሚሊዮን ገደማ። ያን ቁጥር ያነበብኩት እዚህ ሥራ ቦታ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ምሳውን ትቼ ወጣሁ።

የጉለሌው

የካዛንቺሱ ወንድሜ፣ ስለጻፍክ እግዚአብሔር ይስጥህ። በ1990 ጎረቤት ሲወሰድ ቆመን ያየን ሰዎች ነን እኛም፤ የኛ ሰፈር ላይም ሆኗል። ስለዚያም ያን ትእዛዝ የሰጠ ሰው መጠየቅ ነበረበት፣ ከድንበሩ ነገር እኩል።

እትዬ ዘነበች ቁልፉን መለሱላችሁ?

የካዛንቺሱ

በ2011 እናቴ ሄዳ ነበር፣ በዛላምበሳ በኩል መንገዱ የተከፈተ ጊዜ። ቤቱን ሌላ ሰው ይዞታል። ዘነበች ግን ቁልፉን በመሃረብ ቋጥራ አስቀምጣው ኖሯል። ዘይቱን ጨርሼዋለሁ፣ ይቅርታ ብላት ሁለቱም ሲያለቅሱ ዋሉ።

ዘመናይ

ይሄ ሁሉ የድሮ ነው። ጻድቃንም ሌሎቹም ከ2013 በኋላ የሠሩትን ለምን አታነሱም? ስለ ፕሪቶሪያስ? ያኛው ውል ከአልጀርስ በምን ይሻላል? እዚያም እኮ

አወያይ

ዘመናይ፣ ስለ ፕሪቶሪያ ለብቻው የተከፈተ ውይይት አለ፤ ቀሪውን ወደዚያ አዛውሬዋለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን እዚህ ከተጀመረ እነዚህ ሰዎች የጻፉት ይዋጣል። እባካችሁ ከ1990 እስከ 1994 ባለው ላይ እንቆይ።

ሬዲዮኛ

ጠበቃው ስለ ድርድሩ ስታነሳ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ። በደርግ ጊዜ አንድ ጊዜ ተማርኮ የተመለሰ አብራሪ ነው፤ በ1990 አስመራ ላይ ሚጉ ተመትቶ ሁለተኛ ተማረከ። የአልጀርስ ስምምነት ምርኮኛ ይለቀቅ ይላል። ከ1994 መጨረሻ እስከ 1995 መጀመሪያ ከሁለቱም ወገን ምርኮኛ ሲለቀቅ እሱ አልነበረበትም። የት ደረሰ? አንድ ዲፕሎማት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚያ ስለ መሬት። በ2010 ክረምት መሪዎቹ አስመራ ላይ ሲተቃቀፉ እንኳ እኔ ቴሌቪዥኑን የማየው ስሙ ይጠራል ብዬ ነበር።

አንበርብር

ሬዲዮኛ፣ ስለ ኮሎኔሉ ያልከው ልቤን ነክቶታል። በአዛዦቹ ላይ ያልኩትንም ትንሽ ላስተካክል። ወታደር በሬዲዮ አይቃወምም ያልከው ልክ ነው። ግን አንድ ኤታማዦር ሹም ትእዛዙን ፈጽሞ በማግስቱ ሥራ መልቀቅ ይችላል፣ ምክንያቱንም ለምክር ቤት በጽሑፍ ማስገባት ይችላል። ያ መፈንቅለ መንግሥት አይደለም። ሰንዓፌ ላይ መቆሙ ትክክል ነበር ብለህ ታሳምነኝ ይሆናል፤ ማን እንደወሰነና በምን ምክንያት እንደወሰነ የሚያሳይ ወረቀት ለምክር ቤት አለመቅረቡን ግን አልቀበልም። ግንቦት 28, 2010 ላይም ያው ነው የተደረገው። አልጀርስን ሙሉ በሙሉ ተቀብለናል ተባለ። ማን አለው? የፓርቲ ሥራ አስፈጻሚ። በባድመ የሚኖረው ሰው በማግስቱ በሬዲዮ ሰማው።

ጠበቃው

እዚህ ላይ ከአንበርብር ጋር ነኝ። የምናነሳው ሁሉ በፓርቲ ስብሰባ ውስጥ የተዘጋ ነው። መለስና እነ ስዬ አብርሃ፣ እነ ተወልደ የተጣሉበት አንዱ ነገር የዚህ ጦርነት አያያዝና ድርድሩ ነበር። ያ ክርክር በአንድ ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ውስጥ ሳይሆን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በቃለ ጉባኤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኔና እናንተ በግምት አንከራከርም ነበር።

እታለም

ጋሼ ሬዲዮኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በየጦሩ የሟች ስም የሚጻፍበት መዝገብ ነበር? ወይስ ማንም አልቆጠራቸውም? እናቴ «ቢቆጥሯቸው ይነግሩን ነበር» ትላለች።

ሬዲዮኛ

እህቴ፣ ይቆጠራሉ። ሙሉውን ልንገርሽ።

የኛ ሻለቃ አዛዥ ማታ ማታ በሬዲዮ የቀኑን ሁኔታ ለብርጌድ ያስተላልፋል፤ የማስተላልፈው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጥይት፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ሰው። ሰው የሚለው በኮድ ነው፤ ቁስለኛ በአንድ ቃል፣ የሞተ በሌላ ቃል፣ ከኋላው ቁጥር። አንድም ማታ ሳይላክ ቀርቶ አያውቅም። ስሙን ደግሞ እሱ በኒያላ ሲጋራ ፓኬት ጀርባ ይጽፈዋል፣ ሙሉ ስም ከነአባት፣ የመጣበትን ወረዳ ጨምሮ። ደብተሩ መረብን ስንሻገር ረጥቦበት ነበር። ፓኬቶቹን በክር አስሮ ደረት ኪሱ ያደርጋቸዋል። ከባረንቱ ስንመለስ ከብርጌድ አንድ የሰው ኃይል መኮንን መጥቶ ጠረጴዛ አስቀምጦ ከፓኬቱ ላይ ወደ ቅጽ ገለበጠው፤ እኔ ስሙን እያነበብኩለት። ሁለት ቀን ፈጀብን። ቅጹ በሦስት ኮፒ ነው፣ መሃሉ ካርቦን ያለበት። አንዱ ብርጌድ ቀረ፣ ሁለቱ ወደ ላይ ሄዱ።

የወንድምሽ ክፍል ሌላ ነው፣ እኔ ፆሮና አልነበርኩም። ግን አሠራሩ አንድ ነው። ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ ተቆጥሯል፣ ስሙም ከነአባቱ ተጽፏል።

እታለም

እነግራታለሁ። አሁን ተኝታለች፣ ጠዋት እነግራታለሁ።